ለካርታው ማን ይማልለታል?

ያን ጊዜ እኔ ሰው ይዋሻል፣ ወረቀት ግን አይዋሽም ብዬ የማምን ሰው ነበርኩ። ሚዛን ተፈሪ ውስጥ ይህን አስተያየቴን ያልሰማ ሻይ ቤት የለም። ዕድሜዬ ሃምሳን ሊደፍን ጥቂት የቀረው፣ ከመንግሥት ሥራ በገዛ ፈቃዴ የወጣሁ (አለቆቼ በእነሱ ፈቃድ ነው ይላሉ)፣ አዲስ አበባ ለሚታተም ጋዜጣ መጣጥፍ እየጻፍኩ የምኖር ነኝ። ሁሉም “አዎ” ሲል “ለምን?” እላለሁ፤ ሁሉም “ለምን?” ማለት ሲጀምር ደግሞ ወደ “አዎ” እመለሳለሁ። ስለ መሐላ፣ ስለ ሽማግሌ ጥበብ፣ “አባቶቻችን እንዳሉት” ስለሚባለው ነገር ሁሉ ያልቀለድኩበት ወር አልነበረም። አንባቢ ጽፎ ሲሰድበኝ ደስ ይለኛል፤ ቢያንስ ማንበቡን አውቃለሁ።

ካርታውን ያገኘሁት ባለሱቅ ጎረቤቴ ጨው ሊጠቀልልበት ሲል ከእጁ ነጥቄ ነው። ከቴፒ ወደ ማሻ የሚወጣውን ተራራና ደን የሚያሳይ፣ በእንግሊዝኛ የታተመ የድሮ የመሬት አቀማመጥ ካርታ ነው፤ ከአውሮፕላን ላይ በተነሳ ፎቶ የተሠራ። ቡናማዎቹ የከፍታ መስመሮች እንደ ጣት አሻራ ይጠማዘዛሉ። ወንዞቹ ሰማያዊ ናቸው። የቀረው በሙሉ አረንጓዴ ነው፤ መንገድ የለ፣ ቤት የለ፣ ሰው የለ። ለእኔ ዓይነቱ ሰው ገነት ማለት ይኸው ነው። ነጩ ጠርዙ ለዓይን ስላላማረኝ ወደ ኋላ አጥፌ ግድግዳዬ ላይ ሰቀልኩት። ለዓመታት ፊቱ ቆሜ እያየሁ፣ እግሬ ያልረገጠውን ሸንተረር እዚያው ከተወለዱት በላይ አውቀዋለሁ ማለት ጀመርኩ።

ሰሚ ባጣ ደህና ነበር። ባለፈው ዓመት ጥቅምት ላይ ግን መምህር አብርሃም ሰማኝ። አብርሃም ሚዛን ሲማር ጎረቤቴ የነበረ፣ አሁን በተወለደበት መንደር የሚያስተምር ወዳጄ ነው። “ጋሼ፣ ወረቀቱን አፍጥጠህ ከምትውል መጥተህ መሬቱን እየው” አለኝ። መንደሩ ካርታዬ ውስጥ፣ አረንጓዴው መሐል ነው። ስሙን አልጠራም፤ ለምን እንደሆነ ስትጨርሱ ይገባችኋል። እኔም መሬቱ ከካርታው ጋር መስማማቱን ላጣራ ሄድኩ።

ከቴፒ በሞተር ሳይክል፣ ከዚያ አንድ የእንጨት ድልድይ ተሻግሬ በእግር፣ ዝናብ እየመታኝ ከሰዓት በኋላ ደረስኩ። በዚያ አገር እንግዳ ሲመጣ ጎረቤት ገብቶ ያያል። የአብርሃም ቤት በአንዴ ሞላ። እኔም ተመልካች ሳገኝ ዝም ማለት አይሆንልኝምና ካርታውን ከቱቦው አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁት። አራቱን ማዕዘን በአራት ብርጭቆ አስያዝኩ።

“እስቲ የእኔን ቡና አሳየኝ” አለ አንድ ሰው። አቶ ወልዴ ይባላል፤ ትከሻው ሰፊ፣ ሳቁ ከእሱ ቀድሞ ቤት የሚገባ ሰው ነው። ቤቱንና ቡናውን ስመጣ መንገድ ላይ አሳይተውኛል።

“ቡና አያሳይም። ከቤትህ በታች ያለውን ጅረት ግን ያሳያል። ይኸው።” ጣቴን አስቀመጥኩ። “ግን ተሳስቷል።”

“ማ? ወረቀቱ?”

“ወረቀቱማ አይሳሳትም፤ ጅረቱ ነው የተሳሳተው። መሄድ የነበረበት በአንተ አጥር ጥግ ነበር። ዛሬ ሳልፍ ያየሁት በቡናው መሐል ለመሐል ነው የሚወርደው።”

ሰው ይስቃል ብዬ ቀና ስል የሳቀ የለም። በሩ ጥግ ዝም ብላ ተቀምጣ የነበረች፣ የእኔ እኩያ የምትሆን ሴት ስኒዋን መሬት አስቀመጠች።

“ድገመው” አለችኝ። “ወንድሜ፣ ያልከውን ድገመው።”

በሕይወቴ ንግግሬን እንድደግም የለመነኝ ሰው አልነበረም። በደስታ ደገምኩት፤ ጣቴን በሰማያዊው መስመር ላይ ከላይ እስከ ታች እየነዳሁ። በአሁኑ ጅረትና በካርታው ጅረት መካከል ያለው ርቀት ወረቀቱ ላይ ከሩዝ ፍሬ አይበልጥም። አቶ ወልዴ ተነሳ፣ ኮፍያውን አጠለቀ፣ ያለ ሳቅ ወጣ። ሌላውም ተከተለው። ቤቱ ባዶ ሲሆን አብርሃም ሁለት እጁን አናቱ ላይ ጭኖ ቆሟል።

“ጋሼ፣ ምን አደረግክ?”

ነገሩን ያኔ ነገረኝ። ሴትዮዋ ወይዘሮ አስቴር ነች፤ መንደሩ የሩት እናት ይላታል። አቶ ወልዴ የባሏ ታናሽ ወንድም ነው። የሁለቱ ወንድማማቾች አባት መሬቱን ሲያካፍል፣ “ከውሃው ወዲህ ለታላቁ፣ ከውሃው ወዲያ ለታናሹ” ብሎ ሞተ። ከዓመታት በኋላ ተራራው ተንዶ ጅረቱ የድሮ ቦዩን ለቀቀና በታላቁ ወንድም ቡና መሐል አቋርጦ መውረድ ጀመረ። ታላቁ በሕይወት ሳለ ማንም ምንም አላለም። እሱ በሞተ በዓመቱ ወልዴ ለቃሚዎቹን አስከትሎ ገባ፤ “አባቴ ወሰኑ ውሃው ነው ብሏል፤ ውሃው ያለው እዚህ ነው” ብሎ። አስቴር ጅረቱ ድሮ የት እንደነበር ትናገራለች። ወልዴ “ከዚህ ንቅንቅ ብሎ አያውቅም” ይላል።

“ሽማግሌዎቹስ የት እንደነበር አያውቁም?”

“ያውቃሉ እንጂ። ግን ለሁለቱም ዘመድ ናቸው። እዚህ ሽማግሌ ይሰማል እንጂ አይመሰክርም። የመሬት ነገር የሚያልቀው በመሐላ ነው። መሬቱ የእኔ ነው የሚል ሰው ከዚያው አፈር አናቱ ላይ ያደርግና ወሰን ነው በሚለው ላይ በባዶ እግሩ ይሄዳል። ዋሽቶ የሄደውን አፈሩ ይበላዋል ይባላል።”

“ታዲያ ሄዳ አትገላገልም?”

“የወንጌል አማኝ ነች ጋሼ። አማኝ አይምልም ብላ እምቢ አለች። ስላልማለች ቡናው ወልዴ እጅ ቀረ። አሁን አንተ ወረቀት ይዘህ መጣህ።”

በማግስቱ ጠዋት ሻንጣዬን አንስቼ በሩን ስከፍት ሁለት ጎረምሶች ደጁ ላይ ቆመዋል። “ድልድዩን ውሃ ወስዶታል ጋሼ” አለ አንደኛው። “ለክብርዎ ነው የቆምነው” አለ ሁለተኛው። ክብሬ ይህን ያህል ጠባቂ እንደሚያስፈልገው አላውቅም ነበር። ስልኬ ኔትወርክ የለውም። ሽንት ቤት ስሄድ እንኳ አንዱ የእንሰት ቅጠል ከላዬ ይዞ “ቀስ ይበሉ፣ ያዳልጣል” እያለ አደረሰኝ፤ በር ላይ ቆሞ ጠበቀኝ፤ መለሰኝ። ሰው በዚህ ዓይነት ጨዋነት ሲታሰር የሚጮህበት ምክንያት ያጣል።

ረፋዱ ላይ አቶ ቆጪቶ መጡ። የሽማግሌዎቹ አለቃ ናቸው፤ ቀጭን፣ ጥርስ የሌላቸው፣ ዓይናቸው ግን ምንም የማያመልጠው። ካርታውን አላዩትም። እኔን አዩኝ።

“ወረቀትህ ምስክር ሆኖ ቆሟል” አሉ።

“እንግዲያው ወረቀቱን ይውሰዱትና እኔን ይልቀቁኝ።”

“ወረቀት አናት የለው፣ እግር የለው። አፈሩን የት እናድርግለት? ያመጣኸው አንተ ነህ፤ አንተ ማልለት።”

“አባባ፣ እኔ እኮ በመሐላ አላምንም።”

“እሱማ ጥሩ። አትፈራም ማለት ነዋ። የማትፈራ ከሆነ ምን አስጨነቀህ?”

“አልሄድም ብልስ?” አልኩ።

“ምስክር አንዴ ከቆመ ያለ መሐላ አይበተንም። አንተ ካልሄድክ ወልዴ ይሄዳል። ነገ ጠዋት ነው፤ ዝናቡ ካባራ።” በሩ ጋ ደርሰው ዞር አሉ። “ባያባራም።”

“ወልዴማ ይሄዳል” አለ አብርሃም እሳቸው ሲወጡ። “ወልዴ ለአንድ ቁና ቡና በእናቱ መቃብር ይምላል። ከማለ ደግሞ አለቀ፤ የልጅ ልጅ እንኳ አያነሳውም።”

ቁጭ ብዬ አሰብኩት። ነገሩ ለእኔ ቀላል ነው። ሴትዮዋ እውነቷን ነው። ካርታውም የሷን ይላል። አፈር ደግሞ አፈር ነው፤ ታጥቦ ይወርዳል። ሌላው ሰው በፍርሃት የሚያደርገውን እኔ በቀልድ አደርገዋለሁ፤ ፍትሕም ይሆናል፣ ጥሩ መጣጥፍም ይወጣዋል። አርዕስቱን ሳይቀር አስቤ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ዝናቡ በረታና ቆርቆሮው አንድ ቦታ ላይ ማንጠብጠብ ጀመረ። ያ ቦታ ካርታው የተዘረጋበት ጠረጴዛ ነበር። ስደርስ የታጠፈው ጠርዝ ርሷል። እንዳይበሰብስ ብዬ እጥፋቱን ከፈትኩት፤ ወደ ምድጃው አስጠግቼም ያዝኩት። በዚያን ጊዜ ነው በጠርዙ ላይ ጽሑፍ እንዳለ ያየሁት። መነጽሬን አደረግሁ።

የምልክቶች መፍቻ ነው። ያልተቆራረጠ ሰማያዊ መስመር፣ የተረጋገጠ የውሃ መንገድ። የተቆራረጠ ሰማያዊ መስመር፣ በግምት የተሳለ። ከእሱ ሥር አንዲት ትንሽ አራት ማዕዘን ምስል አለች፤ ከፊሏ ጠቁሯል። የጠቆረው ፎቶው ሲነሳ በደመና የተሸፈነው ነው ይላል፤ በዚያ ክፍል ያሉት መስመሮች ሊታመኑ እንደማይገባም ያስጠነቅቃል። መንደሩ የጠቆረው እምብርት ላይ ነው።

ዓይኔን ከጠርዙ ወደ ካርታው መሐል መልሼ ጅረቱን አየሁት። የተቆራረጠ ነው። ለዓመታት ፊቱ ቆሜ አንድ ወጥ መስመር ነው ያልኩት፣ ሰረዝ ሰረዝ ሰረዝ ነበር። ሠሪው ያን ቀን ያየው ደመና ነው። ከላይ የሚያውቀውን ውሃና ከታች የሚያውቀውን ውሃ ወስዶ፣ መሐሉን በእርሳሱ አያይዞታል። ያያያዘው ትክክለኛው ቦታ ላይ መሆኑ የአጋጣሚ ነገር ነው። ይህንንም ሳይደብቅ ጽፎታል፤ ያን የመሰለ ሐቀኛ ሰው ቃሉን ለዓይን አላማረኝም ብዬ ወደ ኋላ ያጠፍኩት እኔ ነኝ።

ወይዘሮ አስቴር ጨሞ ይዛልኝ ስትገባ እዚያው እሳቱ ዳር እንደተንበረከክሁ ነበር። ጨሞ የቡና ቅጠል ከዝንጅብልና ከቃሪያ ጋር ተፈልቶ የሚጠጣ የአገሩ መጠጥ ነው፤ ያቃጥላል። አንድ ጊዜ ፉት አልኩና ዓይኔ እንባ ሞላ።

“ቃሪያው በዛ?” አለች።

“ደህና ነው። ሩት የት ነች?”

“ቤት። ሚዛን ነርስነት ስትማር ነበር፤ ቡናው ሲሄድ ትምህርቱም ቀረ። አሁን ቤት ቁጭ ብላ የአጎቷን ለቃሚዎች ስታይ ትውላለች።” ሳቅ አለች። “አንተ ስትመጣ ሻንጣዋን አወረደች።”

ይህን ባትነግረኝ ይሻለኝ ነበር። ነገሩን በሆዴ ልይዘው አልቻልኩም፤ ነገርኳት። ደመናውን፣ የተቆራረጠውን መስመር፣ ሁሉንም።

“ታዲያ ወረቀቱ ያለው ውሸት ነው?”

“እውነት ነው። ግን አያውቀውም።”

“እንዲያ ያለ ሰው ሞልቷል” አለች። ቀጥላም ዓይኗን እሳቱ ላይ አድርጋ “ሌላ ማን አይቷል?” አለች።

“ማንም። አብርሃም እንኳ እጥፋቱን ከፍቶ አላነበበውም።”

“ለእኔ ለምን ነገርከኝ ታዲያ? እኔ ‘ማል’ እንድልህ ነው? ወይስ ‘አትማል’ እንድልህ?” ስኒውን ከእጄ ወሰደች። “እኔ አንዱንም አልልህም ወንድሜ። እኔ የራሴን እምቢታ ተሸክሜ ሦስት ዓመት ኖሬያለሁ። የአንተን አትጨምርብኝ።”

ወጣች። ደጁ ላይ ያሉት ጎረምሶች “ደህና ዋሉ የሩት እናት” ሲሏት ሰማሁ። ከዚያ በኋላ ያለውን ሰዓት በቤቱ ውስጥ ስዞር ዋልኩ፤ ከበሩ እስከ ምድጃው ስምንት እርምጃ ነው። ሁለቱ ጠባቂዎች ባይኖሩ፣ ድልድዩም ባይሰበር የት እሄድ ነበር? ብምል በማላውቀው ነገር ምያለሁ። ባልምል ቡናዋን በገዛ አፌ ለወልዴ አስረክቤያለሁ። ደግሞ ያሳቀኝ ነገር፣ የሚያስጨንቀኝ የአፈሩ እርግማን አልነበረም። አፈሩን አልፈራም። የፈራሁት “አላውቅም” የምትለውን ቃል በሰው ፊት ማለትን ነው።

ጠዋት ዝናቡ አላባራም። መንደርተኛው የእንሰት ቅጠል ከአናቱ በላይ ይዞ ከቡናው አናት ተሰብስቧል። የቀላው ቡና ዝናቡ እያረገፈው መሬቱ ላይ ተበትኗል። አስቴር ከልጇ ከሩት ጋር በአንድ ቅጠል ሥር ቆማለች። አቶ ቆጪቶ በቢላ አፈር ቆርጠው አነሱና ሁለት እጃቸውን ወደ እኔ ዘረጉ።

“ጫማህን አውልቅ” አሉ።

“ከዚያ በፊት የምናገረው አለኝ።” አልኩ። “ካርታው ይህን ቦታ አላየውም። የዚያን ቀን ደመና ነበር፤ ጅረቱን የሳለው በግምት ነው። ግምቱ ልክ ሊሆን ይችላል። ልክ ነው ብዬ ግን አልምልም። አላውቅም።”

ከዚያ አንድ ሰው ከኋላ፣ “ይህን ሊነግረን ነው ከሚዛን ድረስ የመጣው?” አለ። ሳቁ። ከሁሉም በላይ የሳቀው ወልዴ ነው። አብርሃም መሬት መሬት ያያል። ሩት ጀርባዋን ሰጠችኝ። እናቷ ግን ቀጥ ብላ አየችኝ፤ ፊቷ ላይ ምን እንደነበረ እስከ ዛሬ ማንበብ አልቻልኩም።

አቶ ቆጪቶ አልሳቁም። አፈሩን እንደያዙ ዞሩ። “ወልዴ፣ ጫማህን አውልቅ።”

“እሺ!” አለ። ቦቲውን አውልቆ ወረወረ፣ ኮፍያውን አነሳ፣ መላጣውን ዝቅ አደረገላቸው። አፈሩን ጫኑበት። “በእጅህ እንዳትነካው። ወሰኑን ሂድ።”

የመጀመሪያው መቶ እርምጃ አያከራክርም፤ የድሮውና የአሁኑ ቦይ አንድ ነው። ሰፊ ሰው ነው፤ ፈጥኖ ወረደ፤ እኛም ተከተልነው። ከዚያ ትልቁ ቋጥኝ ጋ ደረሰ። ተራራው ሲናድ ጅረቱን የመለሰው ይህ ቋጥኝ ነው። በቀኝ ውሃው እየጮኸ ይወርዳል። በግራ ምንም የለም፤ ፈርን የሚባለው ጥላ ወዳድ ቅጠልና የቡና ችግኝ የበቀለበት ጎድጓዳ ብቻ ነው።

ቆመ።

ዝናቡ አፈሩን አሟሟው። ጭቃው በግንባሩ ወርዶ ቅንድቡ ላይ ደረሰ፣ ዓይኑ ውስጥ ገባ። እጁን አነሳ፣ አስታወሰና መለሰው።

“አባባ፣ አፈሩ እየፈሰሰ ነው” አለ ሳይዞር። ያ ሁሉ ሳቅ ከድምፁ ጠፍቷል።

“የፈሰሰው ይፍሰስ። ሂድ።”

“ዓይኔ አያይም።”

“እግርህ ያውቀዋል።”

ምን ያህል እንደቆመ አላውቅም። ለእኔ ታግቼ ከዋልኩበት ቀን ይልቅ ያ ረዘመብኝ። ሰው ሲታገት ከውጭ ሆኜ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው፤ አንድ እርምጃ ወደ ቀኝ ቢል ነጻ የነበረ ሰው። ከዚያ ወደ ግራ ዞረ።

ፈርኑ እስከ ወገቡ ይደርሳል። ዓይኑን ጨፍኖ፣ ድሮ ውሃው በታጠፈበት እየታጠፈ፣ ውሃው በሰፋበት እየሰፋ ወረደ። ከወንድሙ ጋር በልጅነቱ የዋኘበትን ቦታ ሁሉ እግሩ እየፈለገ ያገኘው ነበር። መጨረሻው የራሱ አጥር ጥግ ነው። እዚያ ቆሞ ጭቃውን በሁለት እጁ ጠረገ። ማንም እልል አላለም።

“የሩት እናት” አለ፤ “ያንቺ ነው።” የጭቃ እጁን ሱሪው ላይ ጠረገና “የዘንድሮውን ግን ግማሹን ለቅሜዋለሁ” አለ።

“አይቻለሁ” አለች አስቴር። “የአምናውንም፣ የካቻምናውንም።”

ከሁለት ቀን በኋላ ድልድዩ ተጠግኖ ወደ ቤቴ ተመለስኩ።

አንባቢዬ፣ ከዚህ በኋላ በመሐላ ማመን ጀመርኩ እንድላችሁ ከጠበቃችሁ አታውቁኝም። አፈር ሰው ሲበላ አላየሁም፤ ሽማግሌዎቹም እውነቱን እያወቁ ሦስት ዓመት ዝም ማለታቸውን ዛሬም ፍርድ ነው አልልም። የተለወጠው ሌላ ነው። አሁን ስጽፍ የማላውቀው ቦታ ላይ ስደርስ “አላውቅም” እላለሁ። አዘጋጄ በመጀመሪያው ሳምንት ደውሎ “ምነው፣ አሞሃል?” ብሎኛል። የሚሰድቡኝ አንባቢዎችም ቀንሰዋል፤ ይህ ያሳዝነኛል።

አንድ ሐሳብ ግን አልለቅ ብሎኛል፣ ለእናንተ ላካፍለው። ያን ጠዋት አፈሩን ተቀብዬ ብሄድ ኖሮ፣ አንገቴን ቀና አድርጌ፣ ምንም ሳልፈራ፣ በትክክለኛው ቦታ ላይ እየረገጥኩ እወርድ ነበር፤ እውነቱን ተናግሬም ውሸታም እሆን ነበር። ሌባው ወልዴ ግን ፈራ። ጎረቤት ምረጥ ብትሉኝ ከእንደ እኔ ዓይነቱ ይልቅ ወልዴን እመርጣለሁ። ቡናዬን ግን ራሴው ቆሜ አስለቅማለሁ።